የኦግንያን ሁለት ሰከንድ

በየሰፈሩ የሰውን ወሬ ከአፉ ነጥቆ የሚጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ትዕግሥት በሚታደልበት ቀን ሰልፉ ረዘመብኝ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ነው።

ቡልጋሪያ ውስጥ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማችን ቪዲን ይህን ማዕረግ የሰጠችው ለክቡር ኦግንያን ነው። ክቡርነታቸው የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ ማዞሪያ ቤት ነበር። በዚያ ዘመን ደዋዮች ወሬ ካቋረጡ ገመዱን ነቅሎ መስመሩን ለባለ ተራ መስጠት ሥራቸው ነበርና፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ «ዝም ያለ መስመር የሞተ መስመር ነው» ማለትን አልተዉም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጽቬታ ስለ ጉልበቷ ልታወራ አፏን ስትከፍት ሕመሙንም ሐኪሙንም መድኃኒቱንም ራሳቸው ጨርሰው «እግዜር ይማርሽ» ብለዋት ያልፋሉ። አንድ ቀን ልትነግራቸው የፈለገችው ስለ ልጇ ሠርግ እንደ ነበር ያወቁት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ቄሱ ስብከቱን ሳያገባድዱ አሜን ብሎ ወደ በሩ የሚያመራው ማን እንደሆነ ምእመኑ ዞሮ ማየት ትቷል።

ከዚህ ወዲያ አንቱታውን ልተወው፤ የሚቀጥለው ነገር ሹመት አይወድም።

ታላቅ ወንድሙ ስታመን የእሱ ተቃራኒ ነበር። ግማሹ ቤት በተዘጋበት መንደር ሚስቱን ቀብሮ፣ በርበሬውን እየተከለ ብቻውን የሚኖር፣ ቃልን አገላብጦ አይቶ የሚናገር ሰው ነው። በፀደይ ወራት ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተያዘ። ቃል ሲጠፋበት ዝም ይላል፣ ሲያገኘው ይቀጥላል። ጣሊያን አገር አሮጊት እያስታመመች የምትኖረው ልጁ ራዶስቲና ይህን ስትሰማ አጎቷን ለመነችው። ከአባቷ ጋር እሑድ እሑድ ሲደዋወሉ ድምፁን እንዲቀዳላት፣ ለገና ስትመጣ ቅጂውን ይዛ እንድትሄድ ነበር ልመናዋ። አባቷ ሰንብቶ የሚቆይላት አልመሰላትም።

ኦግንያን ስልኩን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ሥዕል እየነኩ ማዘዝ ለሕፃናት ነው ባይ ስለሆነ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ መቅጃ መረጠ። ባዶ ድምፅ መቅዳት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ለመቅጃው የማዞሪያ ቤቱን ሕግ ጻፈለት፦ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ከሰማህ ጥሪው አልቋልና መቅዳትህን አቁም። ከዚያ በራሱ ድምፅ ሞከረው። ስለ ዳኑብ ዓሣ ያለ ትንፋሽ ሲያወራ መቅጃው አንዲት ቃል አላመለጠውም። ኦግንያንም በሥራው ረክቶ አንድ መለኪያ ራኪያ፣ የአገሩን አረቄ፣ ጠጣበት።

የመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዱ የወንድሙን ቃል ሊነጥቅ ቢሞክር ስታመን ከለከለው።

«ተወኝ ኦጊ፤ እኔው ፈልጌ ላግኘው።»

«እሺ ጋሼ» አለ ኦግንያን።

መጠበቅ ግን አልፈጠረበትም። ከዚያ በኋላ ወንድሙ ዝም ባለ ቁጥር ማዳመጫውን ትከሻው ላይ አስደግፎ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። ምን ቸገረው፣ መቅጃው ይዞታል።

ስታመን በመከር አረፈ። የሙት ማስታወቂያው በግቢው በር ላይ ተለጠፈ። ራዶስቲና ለቀብሩ አልደረሰችም፤ የመጣችው ለአርባው ነው። መቃብሩ ላይ ወይን አፈሰሱ፣ በስኳር የተለወሰውን ቅቅል ስንዴ ለመጣው ሰው አደሉ። ወደ ከተማ ሲመለሱ ልጅቷ ጥቁር ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

ኦግንያን የመጀመሪያውን ከፈተላት።

«ኦጊ፣ በርበሬው ቀልቷል። ራዶስቲና ስትመጣ...» አለ የስታመን ድምፅ፤ ቅጂው እዚያ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ከፈተ። «የልጅቷ እናት ትለው የነበረ አንድ... አንድ...» ይላልና ያበቃል። ሌላውን ከፈተ። «ለልጄ ንገርልኝ፣ እኔ...»

ኦግንያን ሁሉንም አዳረሰ። ሁሉም የሚቆሙት ስታመን ቃል ሊፈልግ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስታመን ቃሉን አግኝቶ የቀጠለውን መቅጃው አልሰማውም።

«አጎቴ፣ እኔ ብሎ ምን አለ?» አለችው ልጅቷ።

የሰው ወሬ ሲጨርስ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቃል ቢጨምርላት ልጅቷ ተጽናንታ ትሄዳለች፤ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነም ማንም ያውቀዋል። ኦግንያን አፉን ከፈተ። ግን ወንድሙ እኔው ላግኘው ያለው ቃል ነው፤ ሊነካው አልደፈረም።

«አላውቅም ልጄ። ማሽኑ ይዞታል ብዬ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር።»

ልጅቷ አለቀሰች። እሱም ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። በማግስቱ ስትሄድ የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ይዛው ሄደች። አልተቆጣችውም፤ ግን አልሳመችውም።

ብዙ ስቄበታለሁ፣ ወደፊትም ሳልስቅበት አልቀርም። አሁን ግን እሑድ እሑድ ወደ ጣሊያን የሚደውለው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን አታነሳም ነበር፤ እሱ ግን አልተወም። በኋላ ማንሳት ጀመረች። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ዝናቡ ታወራና አባቷ ትዝ ሲላት ድምፅዋ ይጠፋል። ባለፈው እሑድ ቤቱ ተቀምጬ ነበርና አየሁት። ጋዜጣ የለ፣ ጥቁር ስክሪን የለ፤ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። ዝምታው ሲረዝም እኔ ራሴ ቁና ቁና ተነፈስኩ፣ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። በመጨረሻ ከወዲያ በኩል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አጎቴ፣ አለህ?»

«አለሁ ልጄ» አላት። «አትቸኩዪ።»