የኔታና ዓሣ አንበሪ የሆነው ጋኔ

በየደብሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ታሪክ ሲያስተምር አርፎ ቁጭ ብሎ መስማት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያስነሣችኋል፣ ያሸክማችኋል፣ ያስጮኻችኋል። ለእኛ ደብር የደረሰን ደግሞ የዓይነቱ አውራ ነው፤ ታላቁ፣ ክቡሩ፣ የሰው ዕቃ ፈጁ የኔታ ገብረመድኅን!

«በሉ ተነሡ! ተቀምጦ ታሪክ የለም!» ይላሉ። ዳዊትና ጎልያድን ያስተማሩ ዕለት ጎረቤቴ እቴነሽ ግንባሯ አብጦ ሰነበተ። ምን አድርጋ? ውሃ ቀድታ ስታልፍ።

የነነዌ ጾም ሰሞን ተራው የእኔ ሆነ። «እመት የሺ፣ ያን ትልቁን የጠላ ጋን ያውሱኝ፤ ዓሣ አንበሪ አጥተናል» ብለው መጡ። ሰጠኋ! የልጅ ልጄ ማሬ ዮናስ ሆኖ ገባበት። ሦስቱን ቀን በሦስት አባታችን ሆይ አሳጠሩለት፤ እዚህ ላይስ ደግ ናቸው። መውጣቱ ነው እንጂ! ራሱ ወጣ፣ ትከሻው እንቢ አለ። በዘነዘና ተፈርክሶ ነው ዓሣ አንበሪዬ ዮናስን የተፋው። ይኼ ብቻ መሰላችሁ? «የነነዌ ከብትም ጾሟል» ብለው ላሜን እስከ ማታ አስረው ዋሉብኝ!

ይኼን ጊዜ ፈንታሁን ብቅ አለ። ፈንታሁን አንድ ሰሞን ንጉሡ መድፍ ከሚያሠሩበት ከጋፋት ሄዶ ከሰል ተሸክሟል፤ አሁን መድፉን እሱ የሠራው ይመስለዋል። «ልጆቹን ለእኔ ስጡኝ፤ መድፍ ሲሠራ በዓይናቸው ይዩ። ዕቃ አይሰበርባችሁ! ለአምስት ልጅ አንድ አሞሌ ጨው ብቻ» አለ።

ሳላይ ማማት አልወድምና እኔም ቄብ ዶሮዬን ከፍዬ ተከተልኩ። ምን አየን? ጭስና የዘበኛ ጀርባ። ጠጋ ስንል አባረሩን።

«ያ ጭስ የመድፉ ነው! እኔ ባልኖር ማን ያሳያችሁ ነበር?» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

«አንተ ፈንታሁን፣ ጭስማ ቤቴም ሞልቷል! ዶሮዬን መልስ!»

ልጆቹ መንገዱን ሁሉ ያወሩት መድፍ አይደለም። የዓሣ አንበሪ ሆድ ጌሾ ጌሾ እንደሚል ማሬ ሲነግራቸው ነው የመጡት።

ሽማግሌዎቹ ግን ዕቃ አልቆባቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ፤ የኔታ ይባረሩ፣ ልጆቹን ፈንታሁን ይያዝ ተባለ። የኔታ ጥምጣማቸውን ይነካካሉ። ያ ሁሉ ድምፅ የት ገባ? አንጀቴን በሉት። ከጠፋው ዕቃ ትልቁ የእኔ ስለሆነ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እመት የሺ፣ ጋንዎን ማን ሰበረው?» አሉኝ አለቃው።

ሳምንቱን ሙሉ ስራገም የከረምኩት ሴትዮ ቀና ብዬ፣ «የቱ ጋን? ያ ድሮ የተሰነጠቀው? ልጥለው ስል የኔታ ናቸው የገላገሉኝ!» አልኩ።

እቴነሽ ሳቋ አመለጣት። ንስሐውን ከነፍስ አባቴ ጋር እንጨርሰዋለን። የኔታም ቀሩልን።

በማግስቱ ሊያመሰግኑኝ መጡ ብዬ ደስ አለኝ። ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣራዬን ቀና ብለው አዩ።

«እመት የሺ፣ ቀጥሎ ሶምሶን ነው። ምሰሶ ያለው ቤት ቢገኝ...»

«ውጡልኝ!» ብዬ በምርኩዜ እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከአሮጌው ጎጆ ጥጃዋን አወጣሁ፤ ድርቆሹንም አወጣሁ።

«ማሬ!» ብዬ ተጣራሁ። «ሮጥ በልና ለየኔታ ንገር፤ ምሰሶው ሁለት ነው በላቸው።»