በሕግ አምላክ የቆመችው ባጃጅ

(ሰቆጣ፣ የገበያ ቀን። በከተማው አንድ ለእናቱ በሆነው የትራፊክ መብራት ፊት አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ግመሉ፣ የፍየል መንጋውና እህል የጫነው አህያ ተቆላልፎ ቆሟል። ከሁሉ ፊት የምንዋጋው ባጃጅ አለች። ይህ ምንዋጋው አንድ ክረምት አዲስ አበባ የታክሲ ረዳት ሆኖ ስለሠራ፣ ስለ መንገድ የማያውቀው ያለ አይመስለውም፤ ያልጠየቁትንም ይመልሳል። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪ አያ ኪዳኑ ይባላሉ። ከሰሃላ ናቸው፤ ከከተማው መግቢያ ነው የተሳፈሩት።)

ኪዳኑ፦ እኔ የምለው ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው የቆምነው?

ምንዋጋው፦ ማንም አልሞተም አልሁዎት እኮ፣ አባቴ! ቀይ ነው፣ ቀይ!

ኪዳኑ፦ አስከሬን ካላለፈ፣ ታቦት ካላለፈ፣ ይሄ ሁሉ ፍጥረት ለማን ብሎ ይቆማል?

ምንዋጋው፦ ለመብራቱ!

ኪዳኑ፦ (አንጋጠው እያዩ) ለዚህች ኩራዝ?

ምንዋጋው፦ ኩራዝ! ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማዎታል። ቀይ ሲሆን ቁም ነው፣ አረንጓዴ ሲሆን ሂድ ነው፣ ቢጫ ሲሆን... ቢጫ ሲሆን ቀይ ሳይመጣብህ ፍጠን ነው።

ኪዳኑ፦ ሰው ሳይኖርበት አገር ያቆማል? ይገርማል። እኛ ዘንድ ሰውን የሚያቆመው የሰው ቃል ነው። ታዲያ አረንጓዴው መቼ ይመጣል?

ምንዋጋው፦ እሱማ የሚመጣም አይመስል። ተጣልተውበታል። ምሰሶውን ያቆሙት ሰዎች «መብራቱ የእኛ ነው» ይላሉ። ፊሽካ የሚነፉት ትራፊኮች ደግሞ «መንገዱ የእኛ ነው፣ መብራት ያለ መንገድ ምን ሊረባ?» ይላሉ። ሽማግሌ መጥቶ እስኪያስታርቃቸው ማንም እንዳይነካው ዛሬ ጠዋት ተማማሉ። ሲማማሉ ታዲያ ቀይ ላይ ነበር!

ኪዳኑ፦ አረንጓዴ ላይ ጠብቀው ቢማማሉ ምን ነበረበት?

ምንዋጋው፦ (ይስቃል) ሥራው እንዲህ ቀላል መስሎዎት! ይሄ የባለሙያ ነገር ነው፣ አባቴ።

ኪዳኑ፦ ይሁን። ያጣላቸውስ ምንድን ነው?

ምንዋጋው፦ (ደረቱን ነፍቶ) እኔ!

ኪዳኑ፦ አንተ?

ምንዋጋው፦ እኔው ነኝ! እዚችው ላይ የሻምበል የሚባል ባለ ፊሽካ ቀይ ጥሰሃል ብሎ ያዘኝና መንጃ ፈቃዴን ወሰደ። የምሰሶው ሰዎች «በእኛ መብራት ማን ቅጣ አለህ?» ብለው ተነሡበት። እኔን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ። እኔንም ሽማግሌው እስኪዳኝህ ሥራ አሉኝ። ዳኝነቱ ዛሬ ነው።

ኪዳኑ፦ ቢፈረድብህስ?

ምንዋጋው፦ (ድምፁ ወረደ) ቢፈረድብኝማ ይቺ ባጃጅ ደጅ ቆማ ዝገት ይበላታል። አገኘሁሽ የምትባል እህቴ አረብ አገር የሰው ቤት እየጠረገች ነው የገዛችልኝ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ኪዳኑ፦ አይዞህ። እውነት ከያዝህ ምን ያስፈራሃል?

ምንዋጋው፦ እውነትማ ቀይ ነበር! እንደ ሚጥሚጣ የቀላ!

ኪዳኑ፦ ምናልባት ሳታየው ይሆናል።

ምንዋጋው፦ እኔ? አዲስ አበባ የሠራሁ ሰው? አጥርቼ ነው ያየሁት!

ኪዳኑ፦ ሰውየውስ ዝም አለህ?

ምንዋጋው፦ ምን ዝም ይላል! «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ቁም!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ።

ኪዳኑ፦ (ቀና ብለው) በሕግ አምላክ ተብለህ አለፍህ? መቼም በሞተሩ ጩኸት አልሰማኸውም።

ምንዋጋው፦ ኧረ በደንብ ሰምቻለሁ! ጆሮዬ ምን ሆነ? እሱ የድሮ ነገር ነው ብዬ ነው እንጂ።

(ጉድ እኮ ነው! ሽማግሌው ማምለጫ በከፈቱለት ቁጥር፣ ልጁ ሞያዬ ተነካ ብሎ መልሶ ይዘጋዋል።)

ኪዳኑ፦ እኛ ዘንድ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ያቆመው ሰው እስኪለቀው ንቅንቅ አይልም። ጎርፍ ቢመጣበትም።

ምንዋጋው፦ ታዲያ ሰሃላ መኪና የጠፋው ለዚህ ነዋ!

ኪዳኑ፦ እና ሽማግሌው ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው?

ምንዋጋው፦ ቀላል ነው። ከወደ እናንተ አገር ነው አሉ የሚመጡት። አይቀየሙኝና፣ መብራት አይቶ የማያውቅ ሰው ምኑን ከምኑ ይለያል? «አረንጓዴ ነበር፣ የሻምበልም ትንፍሽ አላለም» ብዬ ጥርቅም አድርጌ እምላለሁ።

ኪዳኑ፦ ተው ልጄ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ምንዋጋው፦ ለእርስዎ ብቻ አይደል የነገርሁ? እርስዎ ገበያዎን ገብይተው አገርዎ ይገባሉ።

ኪዳኑ፦ እኔ የምገበየው የለኝም። ሰው ይጠብቀኛል።

(የሻምበል ፊሽካው አንገቱ ላይ እየተንጠለጠለ፣ በፍየሎቹ መሀል እየዘለለ መጣ።)

የሻምበል፦ አያ ኪዳኑ! እዚህ ነዎት እንዴ? ሁለቱም ወገን ከገበያው ዳር ካለው ወይራ ሥር ተቀምጦ ሽማግሌው ቀሩ እያለ ነው እኮ!

ኪዳኑ፦ ምን ላድርግ? እናንተ ቀይ ላይ ተማማላችሁ፣ እኔም እዚሁ ታሠርሁ።

ምንዋጋው፦ (ዘወር ብሎ) ሽማግሌው... እርስዎ ነዎት? ምነው ሳይነግሩኝ?

ኪዳኑ፦ መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ ስትመልስ ነው የዋልህ።

ምንዋጋው፦ በማርያም ይዤዎታለሁ አባቴ! እህቴን ያስቡልኝ!

ኪዳኑ፦ (እየወረዱ) እህትህንማ ካንተ ይልቅ እኔ አስቤያታለሁ። ቀዩን ዛሬ ነው ያየሁት፤ በእሱ አልፈርድብህም። በሕግ አምላክን ግን አውቀዋለሁ።

(ሽማግሌው ዱላቸውን እየመረኮዙ ሄዱ። ምንዋጋው ሞተሩን ቀስቅሶ ባጃጇን ወደ ኋላ አዙሮ ሊያመልጥ ሲል፣ ሽማግሌው ዘወር አሉ። አልጮኹም።)

ኪዳኑ፦ ምንዋጋው፣ በሕግ አምላክ!

(ሞተሩ ጠፋ። እጁ መቼ እንዳጠፋው ምንዋጋው ራሱ አላወቀም። የአባቱ ደጅ ላይ የሰማው ቃል ነው፤ አዲስ አበባም አላስረሳውም። ጥቂት ቆይቶ ከወይራው ሥር የእርቅ ጭብጨባ ተሰማና መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አገሩ እልል አለ። ምንዋጋው ግን ንቅንቅ የለም። ክላክሱ፣ ስድቡ፣ የግመሉ ጩኸት ከኋላው ወረደበት። የሻምበል እየሮጠ ተመለሰ።)

የሻምበል፦ ንዳ እንጂ! አረንጓዴ ነው እኮ! አይታይህም?

ምንዋጋው፦ ይታየኛል። አልነዳም።

የሻምበል፦ አገር ዘጋህ እኮ፣ ሰውዬ!

ምንዋጋው፦ በሕግ አምላክ ተብያለሁ! ያቆመኝ ይልቀቀኝ!

የሻምበል፦ (ትክ ብሎ አየውና መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ) እንካ። «አረንጓዴ ሲበራ ከነዳ አስቀሩበት፣ ከቆመ መልሱለት» ብለው ነው አያ ኪዳኑ የላኩኝ።

ምንዋጋው፦ (መንጃ ፈቃዱን እየሳመ) እሰይ! አገኘሁሽ እህቴ፣ ተረፍሁልሽ! ታዲያ ይሂድም ብለዋል?

የሻምበል፦ እሱን... አልጠየቅኋቸውም።

ምንዋጋው፦ ሩጥና ጠይቅልኛ!

የሻምበል፦ አሁንማ ማዕድ ላይ ናቸው። ማን ደፍሮ ያስነሣቸዋል?

(ምንዋጋው መንጃ ፈቃዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከአይሱዙው ወዲያ፣ ከግመሎቹ መሀል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።)

ድምፅ፦ እናንተ! ማን ሞቶ ነው የቆምነው?

ምንዋጋው፦ ማንም አልሞተም! አያ ኪዳኑ ምሳ እየበሉ ነው!