መቆሚያ ያጣው ሯጭ

ሰው አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ለምን ይሮጣል? ካርቱም ውስጥ በዘጋቢነት ስሠራ ብዙ ሯጮችን ጠይቄያለሁ። አንዱ ለጤናዬ ይላል፤ ሌላው ራሴን ለማሸነፍ ይላል። ራስን ቤት ቁጭ ብሎ ማሸነፍ ለምን እንደማይቻል ግን የነገረኝ የለም። እውነቱን ያገኘሁት ከወዳጄ ከታደሰ ነው።

ታደሰ ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳ አይሮጥም። ሱዳናዊ ጎረቤቱ ግን «ሐበሻ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ለማራቶን አስመዘገበው። ሐበሻ ሆኖ መሮጥ አልችልም ይባላል? ታደሰ አገር ላለማሰደብ እሺ አለ፤ በልቡ ግን የሚያውቀው ሰው የሌለበት ሰፈር ሲደርስ አቋርጦ ታክሲ ሊይዝ አስቧል።

ገና ጀሪፍን ሳይወጣ ከአሠሪዎቻቸው በር ላይ የቆሙ የወሎ ሴቶች አዩት።

«ያላ ጋሼ፣ እንዳያዋርዱን» አሉት።

የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ላይ ሊቆም ሲል አንዲት ሻይ ሻጭ በአማርኛ ጠራችው።

«አይዞዎት ጋሼ፤ ወንድሜ ኦምዱርማን ላይ ውኃ ይዞ ይጠብቅዎታል። ደውዬለታለሁ።»

ዳኞቹ ወንበር ሲሰበስቡ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ። በማግስቱ ቤቱ ሄጄ፣ «ምን አበረታህ?» አልሁት።

«የምቆምበት ቦታ አጣሁ» አለኝ፣ እግሩን ሳፋ ውስጥ እንደዘፈዘፈ።

ወዲያው ጎረቤቱ ደስ ብሎት ገባ። መቶ ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት የበረሃ ውድድር መጥቷል፤ ታደሰን ላስመዝግበው ወይ ይላል። እኔ እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ የታደሰ ፊት ፈካ።

«በረሃው ላይ ሰው ይኖራል?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው አስመዝግበኝ።»