የባላምባራስ ሦስተኛ ሚስት

ባለ ሁለት ሚስት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወንደላጤው መቱ ላይ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ባላምባራስ ድንቁ ይባላሉ። አንዷን ሚስታቸውን እዚሁ፣ ሌላዋን ያዮ አስቀምጠው፣ የሰበካችን ቄስ ሲቆጧቸው፣ «ሁለቱም ወደው ተስማምተዋል፤ ታዲያ ቄሱ ምን ቤት ናቸው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ምን ቤት ናቸው?

ክረምት ላይ ግን ንዳድ ይዟቸው ደጃፌ ላይ ወደቁ። አስገብቼ አስተኛኋቸውና ለሁለቱም ሚስቶች ላክሁ። የያዮዋ፣ «ትልቋ ታስታምማቸው» ብላ መለሰች። ትልቋ፣ እትዬ አስካለ፣ በበኩላቸው «የተስማማሁት እኮ ሲታመሙ እዚያ ያዮ ይተኛሉ ብዬ ነው» አሉኝ።

ሳምንት ሙሉ አጥሚት ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ሲሻላቸው፣ «አንተስ መቼ ነው የምታገባው?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ሦስተኛ ሚስትዎ ሆኜ የለም እንዴ?» አልኳቸው። «ተስማምተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»