ማርካ የሌለው የፊት ቅባት

ሰው የሚበላውን ነገር አገላብጦ፣ አሽትቶ፣ ካስፈለገም ቀምሶ ይገዛል። ቅቤ ሲገዛ ባዕድ ነገር ገብቶበት እንደሆነ ብሎ ጣቱን እስከ ሥሩ ይሰዳል። ዶሮ ሲገዛ ደረቷን ይዳብሳል። ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚዞረው ፊቱ ላይ የሚቀባውን ግን፣ ክዳኑ ላይ ቆንጆ ሴት ከተሣለችበት ዐይኑን ጨፍኖ ይገዛል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናንተ ከገባችሁ ንገሩኝ፤ ባላምናችሁም እሰማለሁ።

መቼም ባላምናችሁ አትቀየሙኝ። ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። እህል ሲመዘንልኝ የማየው ሚዛኑን ሳይሆን የመዛኙን ክርን ነው። ሰው ከወትሮው አስረዝሞ «እንደምን አደርሽ» ካለኝ፣ ምን ሊለምነኝ ይሆን ብዬ ቦርሳዬን እጨብጣለሁ። ይህ ጠባይ ጎረቤት ዘንድ አያስመሰግንም። ለባለሱቅ ሚስት ግን ከመቀስ የበለጠ መሣሪያ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዲላ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ባሌ ወርቁ ሱቅ ነበረው። አቡጀዲ፣ ጨው፣ ፋኖስ፣ ሳሙና፣ የሳል ሽሮፕ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። ዝናቡ ሲበረታ እያዛጋን እንከርማለን፤ ቡናው ደርሶ የኮንጋና የሬኮ ገበሬ እሸቱን ሸጦ ሲገባ ደግሞ መቆሚያ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ሁሉን የሚበልጥ ገበያ የነበረው አንድ የፊት ቅባት ነበር። ነጭ ብልቃጥ፣ ቢጫ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ጥርሷን የምታሳይ ሴት። ሌላ ነገር አልተጻፈበትም። የሚያመጣልን ታደሰ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ ሲመለስ ከመቀመጫው ሥር ያወጣዋል። ዕቃ ከመቀመጫ ሥር ሲወጣ እኔ ደስ አይለኝም። ወርቁ ግን «ሴቱ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው» ብሎ ይደረድረዋል። ፊት ያጠራል ይባል ነበር። ከምን እንደሚያጠራው የጠየቀ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት፣ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ነኝ ብሎ ገባ። መደርደሪያውን ዞሮ ዞሮ ብልቃጡን አነሣ።

«ይህ ከምን የተሠራ ነው?»

ወርቁ ክዳኑን ከፈተና አሸተተው። «ጽጌረዳ ይመስላል» አለ።

«ሽታውን አልጠየቅኩዎትም፣ አቶ ወርቁ። ማን ሠራው? ማን አገር ውስጥ አስገባው?»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ወጣቱ አልተቆጣም። ከውጭ የሚገባ መድኃኒትም ሆነ ቅባት የሠሪውና የአስገቢው ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚያዝ በሚነበብ ቋንቋ ካልተጻፈበት ለሽያጭ እንደማይቀርብ ረጋ ብሎ አስረዳን። ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ኮቸሬ አልፎ እስኪመለስ የሁለት ወር ጊዜ ሰጠን፤ ያኔ ያላስተካከለ ዕቃው ይወረሳል፣ ሱቁም ይታሸጋል።

እኔ እንኳ ወዲያው ነበር የገባኝ፤ ማለት የገባኝ የመሰለኝ። ይህ ሰው እጁ እንዲርስለት ነው ብዬ ማታውኑ ወዳረፈበት ሆቴል አንድ ቅል ማር ላክሁ። መለሰው። አነሰው ማለት ነው ብዬ ቅቤ ጨመርኩበት። ቅቤውንም መለሰ። የዚያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ከሚቀበል ሰው ጋር መኖር ይቻላል፤ የማይቀበል ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?

ታደሰ ከሞያሌ ሲመለስ ወርቁ ነገሩን ነገረው። ሹፌሩ ሣቀ። «ይኼ ነው ያስጨነቃችሁ?» አለና በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ጥቅል የታተመ ማርካ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ያብለጨልጫል። «ከምርጥ ነገሮች የተሠራ፤ በሐኪም የተመሰከረለት፤ ምንም ጉዳት የሌለው» ይላል፣ በወርቅማ ቀለም።

«ይህ ለየትኛው ዕቃ ነው?» አልኩት።

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ማለት?»

«ለፊት ቅባቱም፣ ለጸጉር ዘይቱም፣ ለሳል ሽሮፑም ነዋ። እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ሙጫውን ብቻ ያዘጋጁ።»

አንድ ወረቀት ለፊትም ለሳንባም! ወርቁ ማርካውን ወደ በሩ ብርሃን ዘርግቶ ብዙ አየው። ከዚያ ጠቅልሎ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠው። አልለጠፈውም፤ አልጣለውምም። እኔ ባሌ ሲጮህ አውቅበታለሁ፤ ዝም ሲል ነው የምጠራጠረው።

በዚያው ሰሞን ማርታ መጣች። ማርታ የኮንጋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ዱመርሶ ለሚያስተምር ዳንኤል ለሚባል መምህር የታጨች። ቀትር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባለች።

«እትዬ አስካለ፣ ያንን ቅባት ሌላ ይስጡኝ።»

«ያኛውን ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት። እየቆጠብኩ ስለተቀባሁ መሰለኝ፣ አልሠራልኝም።»

«እስቲ ግለጪው።»

ገለጠችው። ጉንጮቿ ተገሽልጠው ቀልተዋል፤ የአፏ ዙሪያና ግንባሯ ደግሞ ጠቋቁሮ ተዥጎርጉሯል። ያቺ መልከ መልካም ልጅ!

«ሲያቃጥልሽ ለምን አልተውሽውም?»

«የሚያቃጥለው ሲሠራ ነው ብለውኝ።»

«ማነው ያለሽ?»

ወደ ወርቁ አየች። እውነቷን ነው፤ እሱ ብሏት ነበር፣ ለእሱ ደግሞ ታደሰ እንደነገረው። ወርቁ በእጁ የያዘውን አቡጀዲ እያጠፈ ነበር። የታጠፈውን ዘረጋና እንደገና ማጠፍ ጀመረ። ቅባት አልሸጥንላትም። እያለቀሰች ሄደች።

ከዚያ የባሰው መጣ። የእጮኛዋ አባት አቶ በሪሶ እሑድ ጸሎት ቤት ፊቷን አዩት። በሽታ ነው አሉ፤ ስሙንም ጠሩት፤ ቁምጥና። ሰርጉ ቀረ፣ ሽማግሌም ሊቀመጥ ነው ተባለ። ልጅቷ ቅባት ነው ብትል ማን ይመናት? ያው ቅባት በየቤቱ አለ፤ ሌሎቹ ምነው ደኅና ሆኑ አሉ። ሌሎቹም በየነጠላቸው ሥር ተደብቀው እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው።

በእኔም ቤት ሌላ ነገር ጀመረ። ወርቁ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ መልበስ አመጣ። ማታ ጎኔ ሲተኛ ደግሞ የጽጌረዳ ሽታ ይሸተኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔም እሱኑ አልኩ። ሴትዮዋ ማን ትሆን ብዬ ወደ ሱቃችን የምትገባውን ሁሉ እያሸተትኩ ከረምኩ።

የተቆጣጣሪው መመለሻ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ብነሣ ወርቁ የለም። የቅባቱ መደርደሪያም ባዶ ነው። ቀኑ የይርጋ ጨፌ ገበያ ነው። ሳይወረስበት ሊቸበችበው ሄደ አልኩ፤ ከሴትዮዋም ጋር ይሆናል አልኩ። ሱቁን ቆልፌ በመጣው የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ።

ገበያው ውስጥ የለም። አንድ የሚያውቀን ደላላ «አቶ ወርቁ ካርቶን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ዱመርሶ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አለኝ። ዱመርሶ! ቤት ሠርቶላት ይሆናላ! በእንሰቱና በቡናው መሀል፣ በዚያ ጭቃ፣ ለሴትዮዋ የምላትን እያሰናዳሁ ወጣሁ። እየጠየቅኩ የደረስኩበት ግቢ የአቶ በሪሶ ሆነ። ከእንሰቱ ጀርባ ቆሜ አጮለቅኩ።

ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማርታና አባቷ በአንድ ወገን፣ ዳንኤል በሌላው። ባሌ መሀል ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ብልቃጦቹ ተደርድረዋል።

«ልጅቷ በሽታ የለባትም» አለ። «ፊቷን ያበላሸው የእኔ ዕቃ ነው።»

አቶ በሪሶ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «እኔ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ» አሉ በቀስታ። «ነጋዴ ዕቃዬ መጥፎ ነው ሲል ግን አልሰማሁም። የልጅቷ አባት ምን አድርጎልህ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ሽማግሌውን ወደድኳቸው።

ወርቁ የግራ እጅጌውን ጠቀለለ። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ቆዳው ተገሽልጧል፤ ከፊሉ ቀልቷል፣ ከፊሉ ጠቁሯል፤ የማርታን ጉንጭ ወስደው የለጠፉበት ይመስላል። ቀኙን ጠቀለለ፤ ደኅና ነው።

«ግራውን ማታ ማታ ስቀባው ከረምኩ» አለ። «ቁምጥና ከሆነ እኔንም ይዞኛል ማለት ነው።»

አቶ በሪሶ ተነሥተው ክንዱን ያዙና እንደ ጨርቅ እያገላበጡ አዩት። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አሹት፤ ቀለም እንደሆነ ብለው ነው። አልለቀቀም። ወርቁ ጥርሱን ነከሰ። ያን ጊዜ ዳንኤል ከአባቱ በፊት ተናገረ።

«እኔ ራሴ ይርጋለም ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ምንም ቢሆን እወስዳታለሁ።»

ማርታ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ወርቁን «ማታ ማታ የሚሸተው…» አልኩት።

«ምን መስሎሽ ነበር?»

«ምንም» አልኩ። እንዳላመነኝ አይቻለሁ።

ሐኪሙ ማርታ ቁምጥና እንደሌለባት አረጋገጠ፤ ፊቷን የበላው ያው ቅባት እንደሆነም ተናገረ። መድኃኒት ሰጣት፤ እየዋለ እያደረ ዳነች፤ በግራ ጉንጯ ላይ ብቻ ትንሽ ጥላ ቀረ። ሰርጉም ዘግይቶ ተሰረገ። ተቆጣጣሪው ሲመለስ ወርቁ ብልቃጦቹንም የወርቅማውን ማርካ ጥቅልም በራሱ እጅ አስረከበው። ወጣቱ አመሰገነው፤ ከዚያም ሱቁን አሸገው። ደንቡ ነው አለ። ማሩን ተቀብሎን ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተንገበገብኩ!

ሱቁ ሲከፈት ወርቁ ሌላ ሰው ሆነ። ሠሪው፣ አስገቢው፣ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበትን አልቀበልም አለ። ታደሰ ትቶን ማዶ ካለው ሱቅ ጋር ተወዳጀ። ደንበኛውም ተሻገረ። አንዲት የማውቃት ሴት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የእናንተ ዕቃ ላይ ‹ዐይን ውስጥ እንዳይገባ› ይላል፤ የማዶው እንዲህ ያለ ነገር የለበትም።» የሚያስጠነቅቀው ዕቃ አስፈራቸው፤ ዝም ያለው ግን ታመነ።

በሚቀጥለው የቡና ወቅት ማርታ ከዱመርሶ መጣች፤ ከኋላዋ የመንደሯን ሴቶች አስከትላለች። ገላ መታጠቢያ ሳሙና ጠየቀች። ወረቀቱን ገልብጣ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ እያነበበችም በጌዴኦኛ ለሴቶቹ ትተረጉምላቸዋለች። ሌላው ገበያተኛ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ ወርቁ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?»

ወርቁ መነጽሩን አድርጎ አየ። ለእኔ አቀበለኝ። እኔም አየሁ። ከሁለታችንም የገባው አልነበረም።

ማርታ ሳሙናውን መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠች፤ ጨውና ክብሪት ገዝታ ሴቶቿን ይዛ ወጣች። አንዷም ሳሙና አልገዛችም። ወርቁ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት፤ ምነው የእኔ ልጅ በሆነች ብዬ።