ባሽሙሃንዲስ ይማምና የሐጃ ሉጥፊያ መኪና በር

ጋራዥ፣ በሱዳኖቹ አጠራር ወርሻ፣ የተከፈተው ለሰነፍ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ወንድ በየግቢው አንድ አይጠፋም። አገር ቢቀየር፣ ወንዝ ቢሻገር ያው ነው። መዶሻ ባይኖረው ድንጋይ አለው፤ ዕውቀት ባይኖረው ድፍረት አለው። ካርቱም፣ ማንሺያ ሰፈር፣ እኔ ወጥ በምሠራበት ቤት፣ ይህን ወንበር የያዘው ዘበኛችን ይማም ነበር። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን። ሱዳኖች መሐንዲሶቻቸውን እንደሚጠሩት "ባሽሙሃንዲስ" እንለዋለን። ለቀልድ ነው ያልነው፤ እሱ ግን ሲጠራበት አይስቅም። የሚገባውን እንዳገኘ ሰው ዝም ብሎ "አቤት" ይላል።

የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር ንግግሩ አንድ ነው። "ለዚህች ወርሻ? አዑዙ ቢላህ!" ከዚያ እጅጌውን መጠቅለል ይጀምራል።

የወጥ ቤቴን ማራገቢያ ጠግኖልኛል። ከዚያ ወዲህ ነፋሱን የሚልከው ወደ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሸረሪቶቹ በጣም ተመችቷቸዋል። የእንግዳ ክፍሉን ቁልፍ የሠራ ዕለት የእመቤታችን የሐጃ ሉጥፊያ ወንድም ከምሳ እስከ መግሪብ ተቆልፎባቸው ዋሉ፤ ሻይ ያቀበልኳቸው በመስኮቱ ፍርግርግ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን "ተሳሳትኩ" ሲል ሰምቼው አላውቅም። "ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ እትዬ ዘኪያ" ይለኛል። "የዘንድሮ ዕቃ ምክር አይሰማም።"

ከጦርነቱ በፊት በነበረው በጋ አንድ ቀን፣ ሐጃ ሉጥፊያ ፖርት ሱዳን ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው በማግስቱ ጠዋት ሊመለሱ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ሀኒፋ፣ ከወሎ የመጣች ቀጭን ልጅ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ወደ ወጥ ቤት ስታወጣ ከደረጃው ላይ አመለጣት። እየተንደረደረ ወርዶ ግቢው ውስጥ የቆመውን የሐጃን ነጭ ኮሮላ በር መታው። ቆርቆሮው ሊጥ የሚቦካበት ሳፋ አህሎ ጎደጎደ።

ሀኒፋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ የሻይ ብርጭቆዎች ሰብራ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። የሀኒፋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋ፣ ደግሞ በሐጃ ስም ነው። ከዚህ ቤት ከወጣች፣ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ መቀየር ነው ኑሮዋ።

"አለቀልኝ" አለች።

"ምንሽ ነው ያለቀው?" አለ ይማም ከአግዳሚው ተነሥቶ። "ለዚህች ወርሻ? ያላ፣ ተነሽ! ተልጅ አምጪ!" በረዶ ማለቱ ነው።

የበሩን የውስጥ ልባስ በወጥ ማንኪያዬ ፈልቅቆ አወጣው። ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ስለዋለ እጅ ያቃጥላል። "ይህን ነው የምፈልገው" አለ፣ ፀሐይዋንም ራሱ ያዘዛት ይመስል። "ብረት ሲሞቅ እሺ ይላል። መሐሉን አትመቺውም፤ መሐሉን የሚመታ ጅል ነው። ከዳር ከዳር እያባበልሽ ነው።" ዘነዘናዬን በጨርቅ ጠቅልሎ እጁን እስከ ብብቱ በሩ ውስጥ ከተተ። እኔ ከውጭ በኩል የሽንኩርት መክተፊያውን ደግፌ እንድይዝ ታዘዝኩ።

"ደግፊ እንጂ አትግፊ፣ እትዬ ዘኪያ!"

"አልገፋሁም።"

"ገፍተሻል፤ ብረቱ ነግሮኛል።"

ቀስ እያለ ዳር ዳሩን ኮረኮመው። ቀጥሎ በረዶውን አሸበት፤ እንደገና ከውስጥ ገፋው። በሩ "ጧ!" ብሎ ተመለሰ። ከሁላችን ይበልጥ የደነገጠው ይማም ነበር፤ ግን በሳል አሳበበና ዋጠው።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። በረዶው ያጠበው በር አቧራ ከለበሰው መኪና ላይ ብቻውን ቦግ አለ።

"ሁሉንም እንጠበው" አልኩ።

"እና ሐጃ ማን አጠበው ብለው ዙሪያውን ይመርምሩት? አቧራውን እንመልስለታለን እንጂ!"

ወንፊት ከወጥ ቤት ይዞ ወጣ። የግቢውን አፈር እንደ ዱቄት እየነፋ በሩን አለበሰው። ጨርሶ ራቅ ብሎ አየው። "ሀቡብ ራሱ እንዲህ አሳምሮ አይነፍስም" አለ፤ የካርቱምን የአቧራ ማዕበል ማለቱ ነው።

በማግስቱ ሐጃ ደረሱ። የበሩን እጀታ ያዙ፤ አስነጠሳቸው። ደግሞ አስነጠሳቸው። ጣታቸውን በሩ ላይ አሳርፈው አሸተቱት።

"ሻጣ? መኪናዬ ላይ ሻጣ ምን ይሠራል?"

ያኔ ገባኝ። ያነሣው የበርበሬ ወንፊቴን ነው። በጠዋት ብርሃን በሩ ለጥብስ የተሰናዳ ሥጋ መስሎ ቀልቷል። ሐጃ ጎንበስ አሉና ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ይህን በር ማን ነው የመታው?"

የሀኒፋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ይማም ቀድሟት ወደ ፊት ወጣ። እሱም ቢሆን ከዚያች የዘበኛ ክፍል ሌላ ማደሪያ የለውም።

"እኔ ነኝ፣ ሐጃ። ሲሊንደሩ ከእጄ አመለጠኝ። ተሳሳትኩ።"

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል አጥንት ጉሮሮው ላይ እንደቆመበት ሰው ነው ያወጣት።

"አንተ?" አሉ ሐጃ። "አንተ ተሳሳትክ?"

"አይዋ፣ እኔው።"

እሱን አዩት። ሀኒፋን አዩ፤ ደረጃውን ደረጃውን ታያለች። እንደገና እሱን አዩት። ያወቁ ይመስለኛል። "ኸላስ፣ በቃ" አሉ በመጨረሻ። "ይህን ሻጣ አጥበህ አንሣልኝ" ብለው እያስነጠሱ ገቡ።

በሩን ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ። ዞር ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እውነቱን ንገሪኝ እስቲ። በሩ አልተስተካከለም?" አለኝ።

በሩን በጎን በኩል አየሁት። ቆርቆሮው ሞገድ ሞገድ ይላል፤ ከታች በኩልም እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ትንሽ ነፋ ብሏል።

"ተስተካክሏል" አልኩት። "ልዩነቱ አይታወቅም።"

ምሳ ሳቀርብ የእሱን ሥጋ ከሁላችንም አበዛሁት። ሀኒፋ አየችኝ። ከራሷ ሳህን አንሥታ ጨመረችለት።