መጀመሪያ የኃላፊው መልእክት

ትናንት ሐመልማል በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየች። ሦስት ሆነው በሚሠሩባት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒዩተሯ ፊት እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። የተኛችውም ተናዳ ነው። የድርጅታቸው የመጀመሪያ አፕ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንዳለ የሚናገረው፣ ተሠርቶ አልቋል። ስምንት ወር የለፋችበት፣ አባቷ ለልብ መድኃኒታቸው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተቱ አይታ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን፣ መጽሔት ይመስል፣ አፑ ሲከፈት፣ ከመድኃኒት ፍለጋው በፊት፣ የኃላፊው ፎቶና ባለ ሦስት ገጽ መልእክት ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እሷም ከገባ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሥራ አስኪያጇ ኢዮስያስ «እስቲ እኔ ላነጋግራቸው» ብሎ ወጣ።

በሕልሟ አባቷ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የከተማው ፋርማሲስቶች በሙሉ፣ መደርደሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ፊታቸው ተሰልፈዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዷ ቀረበች።

«አባቴ፣ የልብ በሽተኛ ይኖራል?»

«የለም» አሉ አባቷ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«መቼ ይገባል?»

«እንጃ። ታች ሞክሪ።»

ፋርማሲስቷ እንባዋን እየጠረገች ሄደች። ሐመልማል ልትስቅ ብላ ንዴቷ መጣባት። ይቺን «ታች ሞክሩ» አባቷ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሲሰሙ አብራቸው ነበረች።

ወዲያው ደጃፉ ቢሮ ሆነ። ፎቶዎች ጠረጴዛ ይዘው ማኅተም ይመታሉ፤ ባለፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ኃላፊው አቶ ሽመክት ከነሱፋቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው እግራቸውን ያወራጫሉ።

«የኔ ልጅ፣ እባክሽ አውርጂኝ።»

«ማመልከቻ አስገብተዋል?»

«በሦስት ኮፒ!»

«መልእክት ይጎድለዋል። አባቴ ደረጃ ሲወጡ ስንት ቦታ ቆመው እንደሚያርፉ፣ ማታ ስንት ትራስ ደርበው እንደሚተኙ፣ ሦስት ገጽ ይጻፉና ነገ ይመለሱ።»

«ተሰቅዬ እንዴት ልጻፍ?»

«ነገ ይመለሱ አልኩ!»

ጮኸች። ጩኸቷ አንጀቷን አራሰው። ከስምንት ወር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አቶ ሽመክት ሲለምኗት ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ ጠጣች፤ ሻዩ ሲያልቅ ሌላ አዘዘች።

ስልኳ ግን ከኪሷ ወጥቶ ፊቷ ቆመና ግንባሯን በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋት ጀመር።

«አልሠራ አለች» አለው ለሌላ ስልክ።

«አጥፍተህ አብራት።»

«ሐሙ! ሐሙ፣ ተነሺ!»

ትከሻዋን የሚነካካት ኢዮስያስ ነው። ፊቱ ላይ ሳቅም ፍርሃትም አለ።

«ጸደቀልን! ተለቋል፤ ሰው እያወረደው ነው።»

«ፎቶውስ?»

«ገባ። ምን ላድርግ?»

«እሺ። ከፎቶው ቀጥሎ ፍለጋው ይመጣል፣ አይደል?»

ኢዮስያስ ጫማ ጫማውን አየ። «ፍለጋውን ለጊዜው ከአፑ አውጡት አሉ። ‹የለም› የሚል መልስ ሲበዛ የከተማውን ገጽታ ያበላሻል ተባለ። እዚያው ቁጭ ብዬ አወጣሁት።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«መልእክቱ አለ።»

ሐመልማል ደሟ ፈላ። የኮምፒዩተሩን ማውዝ ይዛ ብድግ አለች፤ ልትወረውርበት። በዚህ መሀል ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። መንገድ ላይ ናቸው መሰለኝ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ደስታቸው ግን ከሩቅ ይሰማል።

«ሐሙዬ፣ አወረድኩት እኮ! እሰይ የኔ ልጅ፣ አኮራሽኝ። ስከፍተው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ወጣልኝ።»

«አባዬ...»

«ይኸው ታክሲ ልይዝ ነው። ሰውዬው የትኛው ፋርማሲ ነው ያለው?»